የተጎዳ ሴልና የሞተ ሴል

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የመጀመሪያ ገጾች ላይ «የርዕሰ መምህሩ መልእክት» የምትባል ቦታ ትሰጠኛለች። እንኳን አደረሳችሁ፣ በርቱ፣ ወላጆችን አመሰግናለሁ እያልኩ እሞላታለሁ። ዘንድሮ መልእክቱን ለምክትሌ አስተላልፌ፣ አዘጋጅ ኮሚቴውን አስፈቅጄ፣ ትምህርት ልጽፍ ነው። ከርዕሰ መምህርነቱ በፊት ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ጠመኔው አሁንም ከእጄ ፈጽሞ አልለቀቀም።

ምክንያትም አለኝ። በዚህ ዓመት እዚህ ጅቡቲ ካለው ማኅበረሰባችን በስትሮክ የወደቁ፣ በስኳር በሽታ እግራቸው የተቆረጠ፣ ልባቸውን ታመው ከሥራ የቀሩ ወላጆች ነበሩን። ከልጆቻቸው አንዱ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፈቃድ ሊጠይቅ ቢሮዬ መጥቶ ሊወጣ ሲል ከበሩ ተመለሰና «ቲቸር፣ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ቢላጥ በሳምንት ይድናል፤ የአባቴ ልብ ለምን እንደዚያ አይድንም?» አለኝ። ቆሜ በሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩለት። ጥያቄው ግን ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የሚገባው ነው። የሚከተለው ለእሱም ለእናንተም ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሴልን መጀመሪያ አይቶ ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነበር። በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ትንንሽ ክፍሎች እንዳገኘ ጻፈ፤ «ሴል» አላቸው። ይህን ሁላችሁም ከ9ኛ ክፍል ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ሁክ ያያቸው የቡሽ ሴሎች የሞቱ መሆናቸው ነው፤ ውስጣቸው አልቆ ግድግዳቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። የሰው ልጅ ከሴል ጋር የተዋወቀው በሬሳው በኩል ነው ማለት ይቻላል። ወደ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ በ1858 በርሊን ላይ በሰጣቸው ትምህርቶች በሽታን መፈለግ ያለብን ከሴሉ ላይ ነው ብሎ አስተማረ። ዛሬ አንድ ሐኪም «ልቡ ተጎድቷል» ሲል የሚናገረው በልብ ውስጥ ስላሉ ሴሎች ነው፤ የትኞቹ እንደ ሞቱ፣ የትኞቹ እንደ ተጎዱ፣ የትኞቹ ገና ሊተርፉ እንደሚችሉ።

ሴል መጀመሪያ ኑሮውን ያስተካክላል

ሴል እንደ ተነካ አይሞትም። ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከም ሰው ክንዱ የሚወፍረው የጡንቻው ሴሎች እያንዳንዳቸው ስለሚደልቡ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ለ6 ሳምንት በጄሶ የታሰረ እጅ ደግሞ ሲፈታ ከስቶ ይገኛል፤ ሥራ የሌለው ሴል ወጪውን ቀንሶ ያንሳል። ሁለቱም ጤነኛ ብልሃት ናቸው።

ይህ ማስተካከል ግን ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። የደም ግፊት ያለበት ሰው ልብ በየምቱ ከባድ በር እንደሚገፋ ሰው ነው፤ ሳይታከም ዓመታት ሲያልፉ የልቡ ግድግዳ ይወፍራል። የወደብ ሠራተኛው ክንድ ሲወፍር ያምራል፤ ልብ ሲወፍር ግን የሚያስፈልገው ደም ይጨምራል፣ ደም የሚያመጡለት ቧንቧዎች ግን በዚያው ልክ አይጨምሩለትም። ሰውየው ምንም ሕመም አይሰማውም። «ግፊት አለብኝ ግን አያመኝም» የሚል ወላጅ ስሰማ የሚታየኝ ይህ ዝም ብሎ የሚወፍር ግድግዳ ነው።

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የአየር ቧንቧም እንዲሁ ኑሮውን ያስተካክላል። ጤነኛው ቧንቧ እንደ መጥረጊያ የሚያገለግሉ ረቂቅ ፀጉሮች ባሏቸው ሴሎች የተሸፈነ ነው፤ አቧራውንና አክታውን ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ጭሱ ሲበዛ እነዚህ ይጠፉና በቦታቸው እንደ ቆዳ የተነባበሩ ጠፍጣፋ ሴሎች ይተካሉ። አዲሶቹ ጭሱን ይችሉታል፤ መጥረግ ግን አያውቁም። የአጫሽ ሳል የሚመጣውም፣ ብዙ ጊዜ የሳንባ ካንሰር የሚነሣውም ከዚህ ሰፈር ነው። ሺሻም ጭስ ነው፤ ውሃ ውስጥ አለፈ ተብሎ ጭስነቱ አይቀርም።

መብራት ሲጠፋ

ማስተካከል ከሚቻለው በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ ሴሉ ይጎዳል። የሚጎዱት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ መርዝ፣ ጀርም፣ ሙቀት፣ ጨረር፣ የምግብ እጥረት። ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚገድለው ግን የኦክስጅን እጦት ነው፤ ደም የሚወስደው ቧንቧ ሲዘጋ ማለት ነው። እሱን ከተረዳችሁ የቀረው አይከብዳችሁም።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ልጆች መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ፍሪጁ ይቆማል፣ ጄነሬተር ያለው ያስነሣል። ሴልም ፓምፕ አለው። በሽፋኑ (በሜምብሬኑ) ላይ ያለው ይህ ፓምፕ በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ አውጥቶ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌት ተቀን አያርፍም። የሚሠራበት ጉልበት ኤቲፒ ነው፤ የኤቲፒው ዋና ማመንጫ ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ያለ ኦክስጅን አይሠራም።

ኦክስጅን ሲቋረጥ ሴሉ ጄነሬተሩን ያስነሣል። ስኳርን ያለ ኦክስጅን ይሰባብራል። የሚያገኘው ጉልበት በጣም ጥቂት ነው፤ አሲድም እየተጠራቀመበት ይሄዳል። ፓምፑ ይደክማል። መውጣት የነበረበት ሶዲየም ውስጥ ይቀራል፣ ውሃ ሶዲየምን ተከትሎ ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል። ሽፋኑ ላይ እንደ ጉብጉብ ያለ ነገር ይወጣል፤ ፕሮቲን መሥራቱ ይቀንሳል። በማይክሮስኮፕ ብታዩት የተነፋ፣ የፈዘዘ፣ ሥራ የፈታ ሴል ነው።

ይህ ሴል አልሞተም። በዚህ ሰዓት ደሙ ቢመለስለት ፓምፑ ይነሣል፣ ውሃው ይወጣል፣ ጥቂት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ሴል ሥራውን ይቀጥላል። የዛሬው ትምህርት ሁሉ ያለው እዚህ ቦታ ላይ ነውና ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ደሙ ካልተመለሰ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ማይቶኮንድሪያው ከእንግዲህ ኦክስጅን ቢመጣለትም የማይነሣበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ሽፋኑ ይቀደዳል። ካልሲየም በደኅናው ጊዜ በሴሉ ውስጥ ያለው መጠን ከውጭው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው፤ ሴሉ አጥሩን ጠብቆ የሚኖረው በከንቱ አይደለም። ካልሲየም ሲጎርፍ ተኝተው የነበሩ አፍራሽ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ የላይሶዞም ከረጢቶችም ፈርጠው ሴሉ ራሱን ይበላል። ኑክሌየሱ ይኮማተራል፣ ይሰባበራል፣ በመጨረሻም ይደበዝዝና ይጠፋል። ይህ ዓይነቱ ሞት ኔክሮሲስ ይባላል። ከዚህ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም።

(መብራት ድንገት ሲመለስ ፍሪጅ እንደሚያቃጥለው፣ ቆይቶ የተመለሰ ደምም ራሱ ጥቂት ጉዳት ይጨምራል። ሐኪሞች ያውቁታል፤ ቢሆንም ቧንቧውን መክፈት ካለመክፈት እጅግ ይሻላል።)

ሰዓቱ ለሁሉም እኩል አይቆጥርም

በጉዳትና በሞት መካከል ያለችው ጊዜ ስንት ናት? እንደ ሴሉ ነው። የአንጎል ነርቭ ሴሎች ደም ፈጽሞ ከተቋረጠባቸው የሚታገሡት ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። የልብ ጡንቻ ሴል በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ውስጥ መኮማተሩን ያቆማል፤ ነገር ግን ሥራ አቆመ እንጂ አልሞተም፤ መሞት የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሞቱም፤ ሞቱ ከልቡ ግድግዳ የውስጥ ክፍል ተነሥቶ ወደ ውጭ በሰዓታት ውስጥ ይዛመታል። የእግር ጡንቻ ደግሞ ለሰዓታት ይታገሣል። 

የተማሪያችን አባት ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። አንድ ማታ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ተጫናቸው፣ ግራ እጃቸው ከበዳቸው፣ ላብ አጠመቃቸው። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። አብሽ ተበጠበጠላቸው፣ ጠጡ፣ ጋደም አሉ። ሐኪም ቤት የደረሱት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። የተወሰደው ደም ትሮፖኒን ለሚባል ፕሮቲን ተመረመረ፤ መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ትሮፖኒን ቦታው የልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ነው። ደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሴሉ ሽፋን ሲቀደድ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከላይ የተነገረውን ቀዳዳ በቁጥር የሚናገር ነው። አባትየው ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሁለተኛ ፎቅ ግን ሳያርፉ መውጣት አይችሉም።

አሁን ወደ ልጃቸው ጥያቄ። የጉልበት ቆዳ ሲላጥ ከሥሩ ያሉት ሴሎች እየተከፈሉ ቦታውን ይሞላሉ፤ ሥራቸውም ይኸው ነው። የአንጀት የውስጥ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይተካል። ጉበት ከሁሉ ያስደንቃል፤ ጤነኛ ሰው ከግማሽ የሚበልጠውን ጉበቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ የቀረው በወራት ውስጥ አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሊቃረብ ይችላል። (ይህን ሰምታችሁ ጉበት አይሞትም እንዳትሉ። ለዓመታት በአልኮል ወይም በጉበት ቫይረስ ደጋግሞ ሲቆስል መታደሱ ይቀርና በጠባሳ ይታጠራል።) የልብ ጡንቻ ሴልና የአንጎል ነርቭ ሴል ግን ከተወለድን በኋላ እምብዛም አይከፈሉም። የሞተውን የልብ ጡንቻ ሰውነት የሚሞላው በጠባሳ ነው። ጠባሳ ጠንካራ ነው፣ ልቡ እንዳይቀደድ ይይዘዋል፤ ሆኖም አይኮማተርም፣ ደም አይገፋም። የአባትህ ልብ ድኗል፣ ልጄ፤ የዳነው ግን በጠባሳ ነው።

ስትሮክ ላይ ነገሩ ከዚህ ይብሳል፤ ጊዜው ያጥራልና። የአንጎል ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ መካከል ላይ ያሉት ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። በዙሪያቸው ግን ከጎረቤት ቧንቧ በሚመጣ ጥቂት ደም የሚኖር፣ ሥራ ያቆመ ነገር ግን ያልሞተ ሰፊ ክፍል አለ። የታማሚው እጅ የማይንቀሳቀሰው በሁለቱም ምክንያት ነው፤ ከውጭ ለሚያይ የሞተውና ያበጠው አይለዩም። የረጋውን ደም የሚያቀልጠው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ታይቶ ደም መፍሰስ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ማወቅ ከመድኃኒቱ እኩል ያስፈልጋል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው ያያችኋቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ነው።

በእኛ ዘንድ ፊት ድንገት ሲጣመም «ብርድ መታው»፣ «ምች ነው» ይባላል። ዳማከሴ ይታሻል፣ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ እናቴ በእሱ አሳድጋኛለች። ነገር ግን የአንድ ወገን ፊት ሲንጠለጠል፣ አንድ እጅ ተነሥቶ መቆየት ሲያቅተው፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻም ቢታይ መኪና የሚጠራበት ሰዓት ነው። ይህን ከትልልቆቹ ይልቅ እናንተ ልጆች ብታውቁት ይሻላል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ቤት ውስጥ ከአያታችሁ ጋር ብቻችሁን የምትገኙት እናንተ ናችሁና።

በዓይን የሚታይ ምሳሌ ካስፈለገ ቃጠሎ አለ። የፈላ ውሃ እጅ ላይ ሲፈስ መካከለኛው ቦታ ወዲያው ይሞታል። ጠርዙ ይቀላል፣ በራሱ ይድናል። በሁለቱ መካከል ያለው ቀለበት ግን የተጎዳ፣ ያልሞተ ሴል የሞላበት ነው፤ ቀጥሎ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ወደዚህም ወደዚያም ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ የሚጠቅመው ይህን ቀለበት ነው። በረዶ አይደረግም፤ ቧንቧዎቹን አኮማትሮ ደም ይከለክላል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ እነዚህ ሙቀቱን ይዘው ያስቀራሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ። እዚህ ጅቡቲ በበጋ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ራሱ ትኩስ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እስኪቀዘቅዝ ከማፍሰስ በጥላ ሥር ከተቀመጠ ጀሪካን መጀመር ይሻላል።

የሞተ ሴል ምን ይመስላል?

የሞተው ሥጋ እንደ ቦታው መልኩ ይለያያል። ልብና ኩላሊት ላይ ለጥቂት ቀናት ቅርጹን እንደ ያዘ ይቆያል፤ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ጠንከር ይላል። አንጎል ላይ ደግሞ ይቀልጣል፤ ከወራት በኋላ በቦታው የሚገኘው ፈሳሽ የያዘ ጉድጓድ ነው።

ቲቢ የራሱ መልክ አለው። ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው ማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ የዓለም የቲቢ ቀን በዚያ ዕለት የሚከበረው ስለዚህ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ጉዳዩ የቤታችን ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን መግደል ሲያቅተው በመከላከያ ሴሎች ዙሪያውን ያጥረዋል፤ በአጥሩ መካከል ያሉት ሴሎች ይሞታሉ። የሞተው ነገር ነጣ ያለ፣ ፍርፍር የሚል ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች በስማቸው ቺዝ መሳይ አሉት፤ እኛ ግን ማብራሪያ አያስፈልገንም፣ አይብ ነው፤ ከገበታችን የምናውቀው ራሱ አይቡ። አይቡ ሲለሰልስና ወደ አየር ቧንቧ ሲፈስ ሰውየው ባክቴሪያውን ያስላል፣ ሳንባው ውስጥም ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ለተለመደው ቲቢ መድኃኒቱ ለ6 ወር የሚወሰደው ጥቂት ባክቴሪያዎች እዚያ ተደብቀው ቀስ ብለው ስለሚኖሩ ነው። ሳሉ በወሩ ሲቀንስ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም አጥሩን ሳይጨርሱ በሩን ከፍቶ መሄድ ነው።

የስኳር በሽታ እግርን የሚያሳጣው በሁለት በኩል ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮቹን ይጎዳል፤ እግሩ ሕመም አይነግርም። ቧንቧዎቹንም ያጠባል፤ ቁስል ለመዳን የሚፈልገው ደም አይደርስም። ደም ያጣው ጣት ይጠቁራል፤ ባክቴሪያ ሲጨመርበት ይሸታል፤ ይህ ጋንግሪን ነው። እዚህ ከተማ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አሸዋውና አስፋልቱ ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። እግሩ የማይሰማው ሰው በባዶ እግሩ ወይም በሳሳ ነጠላ ጫማ ወጥቶ ተቃጥሎ ቢመለስ አያውቀውም። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ቤት ያላችሁ ልጆች ማታ ማታ የአባት ወይም የእናትን የእግር መዳፍና በጣቶቹ መካከል ያለውን ቦታ በመብራት እዩላቸው። እግር ማጠብ በባህላችን ነውር አይደለም፤ ምርቃትም አለው። ጫማ ከመጫማታቸው በፊትም ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱት፤ አንዲት ጠጠር ትበቃለች።

በጊዜው የሚሄድ ሴል

እስካሁን የተናገርኩት ተገዶ ስለሚሞት ሴል ነው። ሌላ ዓይነት ሞት አለ፤ ተማሪዎች ሲሰሙት ብዙ ጊዜ አያምኑኝም።

በማኅፀን ሳላችሁ እጃችሁ መጀመሪያ እንደ ዳክዬ እግር በስስ ሥጋ የተያያዘ ነበር። ጣቶቻችሁ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች በትእዛዝ ስለሞቱ ነው። የሞቱት ኦክስጅን አጥተው አይደለም፣ መርዝም አልነካቸውም። በውስጣቸው ያለው ፕሮግራም «ጊዜህ አልቋል» አላቸው፤ ተኮማተሩ፣ ኑክሌየሳቸውን በሥርዓት ቆራረጡ፣ ራሳቸውን በትንንሽ የተሸፈነ ጥቅል አዘጋጁ፣ ጎረቤት ሴሎችም ዋጧቸው። ምንም ነገር ወደ ውጭ አልፈሰሰም፣ እብጠት አልተነሣም፣ ጠባሳ አልቀረም። ኔክሮሲስ ቤት ሲፈርስ ከሆነ፣ ይህኛው ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ቁልፉን አስረክቦ እንደሚለቅ ተከራይ ነው። አማርኛችን ስለ ሰው ሲናገር «ሞተ»ን ከ«ዐረፈ» ይለያል፤ ለሴል ሁለቱን ቃላት ማዋስ ቢቻል እዚህ ላይ ይጠቅሙን ነበር።

ጆን ኬር የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከስኮትላንድ ባልደረቦቹ ከአንድሩ ዋይሊና ከአለስተር ከሪ ጋር በ1972 ይህን ሞት አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ ቅጠል ከዛፍ መርገፉን ይናገራል። ትእዛዙ በዘረመል የተጻፈ መሆኑ የታወቀው 1 ሚሊሜትር ያህል በምትረዝም ትል ላይ ነው። ትሏ ስታድግ 1,090 ሴሎች ይፈጠሩላታል፤ ከእነሱ 131 ሁልጊዜ፣ በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት ይሞታሉ፤ 959 ይቀራሉ። ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝና ጆን ሰልስተን በዚህ ሥራ በ2002 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

በእኛም ሰውነት በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ዘረመሉ ተበላሽቶ ሊጠገን ያልቻለ ሴል ፒ53 በሚባል ፕሮቲን አማካይነት ራሱን እንዲያጠፋ ይታዘዛል። ይህ ትእዛዝ የማይሰማበት ሴል ነው የካንሰር መንገድ የሚከፈትለት። ስለ ካንሰር ስንናገር «ያለ ልክ የሚራባ ሴል» እንላለን፤ ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። በጊዜው መሄድን እምቢ ያለ ሴልም ነው። በሌላው ወገን ደግሞ መሄድ የማይገባቸው የሚሄዱባቸው በሽታዎች አሉ። ኤችአይቪ ሲዲ4 የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ያሳጣል፤ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ቫይረሱ ተባዝቶ የገደላቸው ሳይሆኑ በዚያ ውጊያ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የታዘዙ ናቸው። መድኃኒቱ በየቀኑ ሲወሰድ ቫይረሱ ይታፈናል፣ የሲዲ4 ቁጥርም መልሶ ይወጣል።

ለላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜ

ማይክሮስኮፓችን ሁለት ብቻ ቢሆንም የተጎዳንና የሞተን ሴል ለይቶ ለማየት ይበቃል። ቀይ ሽንኩርት ወስዳችሁ ሐምራዊውን ስስ ሽፋን ከላዩ ላይ ላጡ። ሦስት ቁራጭ አድርጉት። የመጀመሪያውን በንጹሕ ውሃ ጠብታ ውስጥ እዩት፤ ቀለሙ እያንዳንዱን ሴል ሞልቶታል። ሁለተኛው ላይ ወፈር ያለ የጨው ውሃ ጣሉበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙ ከግድግዳው ለቆ ወደ መካከል ይሰበሰባል። ሴሉ ውሃ አጥቶ ተኮማትሯል። ብዙ ሳትቆዩ ጨዉን በንጹሕ ውሃ አጥቡት፤ ቀለሙ ቀስ እያለ ተመልሶ ግድግዳውን ሲሞላ ታያላችሁ። ሦስተኛውን ቁራጭ ለ2 ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ከታችሁ አውጡት፣ ከዚያ እሱንም ጨው ውሃ ውስጥ አድርጉት። የሚኮማተር ነገር አታዩም። ሽፋኑ ፈርሷል፣ ቀለሙም ወጥቶ ወደ ውሃው ሄዷል።

ማይክሮስኮፕ የማይደርሳችሁ የታች ክፍል ልጆች ይህንኑ በቀይ ሥር ከእናታችሁ ጋር ወጥ ቤት መሥራት ትችላላችሁ። እኩል የሆኑ ሁለት ቁራጮች ቆርጣችሁ፣ ቀለሙ እስኪያቆም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቋቸው፤ ከዚያ አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ብርጭቆ፣ ሌላውን ትኩስ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ክተቱ። ከ10 ደቂቃ በኋላ የትኛው ውሃ እንደ ቀላ ጻፉና ምክንያቱን ከትሮፖኒኑ ታሪክ ጋር አያይዛችሁ አብራሩ። መልሳችሁን ለባዮሎጂ መምህራችሁ ስጡ፤ እኔም ደብተሮቹን አያለሁ።